ከሕንፃው ጀርባ ድንኳን ተጣለ

ሃሴት እንጀራዋን የምትበላው ለከተማው ዓይን መልስ እየሰጠች ነው። ዓይኑ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያውቃል ይባላል፤ ግን እንደ ማንኛውም አውቃለሁ ባይ አንዳንዴ ግራ ይገባዋል። ግራ ሲገባው ፎቶውን ይልክላታል። ይህ ሰው ነው ወይስ የተሰጣ ልብስ? ልብስ ነው ትላለች። ይህ የቆሻሻ ከረጢት ነው? አይደለም፣ የተኛ ሰው ነው። ብዙው ጥያቄ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» ያልቃል። ከእነሱ ሥር ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዷ «ባዶ» ናት፤ ማንም የማይጠቀምበት መሬት ሲታይ የምትነካ። ሃሴት ባዶ ያለችው ቦታ ከጥቂት ወራት በኋላ ሕንፃ ሆኖ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይታለች። ሁለተኛዋ «ለቅሶ» ትላለች። ከድሮ ሕግ የተረፈች ቁልፍ ናት፣ የሚያጠፋት ሰው ስለጠፋ እዚያው ቀረች። ሃሴት በሥራ ዘመኗ አንድም ቀን ነክታት አታውቅም።

የምትኖረው ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ላይ የሚኖር ሰው የለም። ታች ያለው መጋዘን ነው፣ መኪና ነው፣ በሥርዓት የሚበራ መብራት ነው። እንጀራው በየጠዋቱ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ባለችው መስኮት ይገባል፤ ለብ ያለ፣ ዓይኑ እኩል፣ ጠርዙ እኩል። ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። ውሃስ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ አለ እንዴ?

ሰው ሲሞትም እንዲሁ ነው። ከተማው ራሱ መጥቶ ይወስደዋል፣ ራሱ ይቀብረዋል፤ «ስንብት» ይሉታል። ጓንት ያደረገ ትሑት ሠራተኛ፣ ድምፅ የሌለው መኪና፣ አጠር ያለች ሙዚቃ፤ ከምሳ በፊት ያልቃል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ተብሎ ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም፣ ደረት መምታት የለም። የሃሴት ባል አቤኔዘር የሄደው በዚሁ ዓይነት ነው። ጠዋት ወሰዱት፣ ከሰዓት በኋላ እሷ ሥራዋ ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኑም «ይህ ሰው ነው?» ብሎ ጠየቃት። በሯን ያንኳኳ አልነበረም። ጎረቤቶቿ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ አላወቁም። ከዚያ ወዲህ ሃሴትን የሚያስፈራት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እኔም አንድ ቀን ማንም ሳያንኳኳ ከምሳ በፊት አልቃለሁ የሚለው ሐሳብ።

የሕንፃው እድር በስም ደረጃ አለ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ማክቤል ጡረታ የወጡ የአሳንሰር መሐንዲስ ናቸው፤ የእድሩን ድንኳን ምድር ቤት ውስጥ በፕላስቲክ ጠቅልለው እንደ ልጃቸው ይጠብቁታል። በዚያ ዓመት ወረዳው ሥራ የሌለው ማኅበር ሁሉ ይዘጋል የሚል ነገር አወጣ። የማይቀብር እድር ደግሞ ምን ሥራ አለው? ጋሽ ማክቤል ሄደው ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ተለማመጡ። መድረሻ ያሳጡት ወጣት ሠራተኛ በመጨረሻ ከሕንፃው ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት በስክሪኑ አሳያቸው። ለሕንፃ የማትበቃ፣ ለመንገድ የማትመች፣ የድሮው ሰፈር ሲፈርስ ፍርስራሹ የተደፋባት ቦታ ናት። እዚያ ላይ የሚበላ እህል አብቅላችሁ ኅዳር ላይ ምርቱን ካመጣችሁ እድሩም መሬቱም የእናንተ ነው፤ ካልሆነ ሁለቱም ይሰረዛሉ ብሎ ሸኛቸው።

በፈቃዳችሁ ኑ ተባለ። ሃሴት ለእርሻ ፍቅር ኖሯት አልሄደችም፤ አፈር የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። የሄደችው እድሩ ካለ በር የሚያንኳኳ ሰው ይኖራል ብላ ነው። ጎረቤቷ ኢክራም ግን ለጨዋታው መጣች፤ ኢክራም የሌለችበት ጨዋታ የለም። እማማ ሶልያናም ወንበራቸውን አስይዘው ወረዱ፤ ከሕንፃው ሰው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ሌሎችም መጡ፣ ስንት ዓመት በአሳንሰር ውስጥ ግድግዳ እያዩ አብረው የወጡና የወረዱ ሰዎች። እዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆመው ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ተጠያየቁ።

ድንጋዩን ሲያነሱ የማይወጣ ነገር አልነበረም። የቤት ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ፣ መጨረሻው የማይታወቅ የውሃ ቧንቧ። እያንዳንዷን እየተቀባበሉ አዩ፤ ከሥራው ይልቅ ማየቱ በለጠ። ከሥሩ ጥቁር አፈር ብቅ ሲል እማማ ሶልያና አንድ እፍኝ አስዘግነው አሸተቱና ዝናብ ዝናብ ይላል አሉ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ አሸተተ።

ምን እንዝራ የሚለው ክርክር ጊዜ አልፈጀም፤ ጤፍ! ሌላ ምን ሊሆን ነው? ወንድሟ ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራው ኢክራም አንዲት ከረጢት ዘር አስመጣች። ከረጢቷ ስትከፈት ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። በየቀኑ የሚበሉት ነገር ይህ አቧራ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ማክቤል መሐንዲስ አይደሉ? ዘሩ የሚተኛበት መደብ በልክ ተሠራ። አፈሩ በዱቄት ወንፊት ተነፋ፤ ለአራስ ልጅ የሚነጠፍ ይመስል ለሰለሰ። ጎድጎድ እያደረጉ፣ ዘሩን ወደ ውስጥ እየከተቱ፣ እንዳይበርደው ብለው በደንብ አለበሱት። የሐምሌ ዝናብ መጠጊያ ሲያሳጣቸው ያን የተጠቀለለ ድንኳን አውጥተው ከመደቦቹ ራቅ አድርገው ጣሉት። የዘር ከረጢቷ የተቀደደችው እዚያ ደጃፍ ላይ ነው፤ ግማሹ ፈሰሰ። ሊለቅሙት ጎንበስ አሉ። ጤፍ ደግሞ የሚለቀም ነገር ነው? ተዉት። ድንኳን የገባ የወጣ ሁሉ እየረገጠው ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ።

ነሐሴ ላይ መደቦቹ አረንጓዴ ለበሱ። ምን ደስታ ነበር! ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ፣ ጸጉር ጸጉር ያለው። መጀመሪያ የነኩት ጋሽ ማክቤል ነበሩ፤ እጃቸውን እሳት የነካው ያህል ሰበሰቡ። ኢክራምም ነካች፣ ጮኸች። ሁሉም እየነካ እየጮኸ ከዞረ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ተነጋገሩበት። ጤፍ እንዲህ የሚያቃጥል መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ነበር። አንዱ፣ ለዚህ ነዋ ገበሬ የሚከበረው አለ። ሌላው፣ እንጀራ ሆድ ሲይዝ የሚያቃጥለው ከዚህ የተነሣ መሆን አለበት አለ። በማግስቱ ጓንት አድርገው መጡና አጠጡት፣ ኮተኮቱት፣ አጥር አጠሩለት። የጋሽ ማክቤል እጅ ክረምቱን ሙሉ እንዳበጠ ነበር፤ እሳቸው ግን ያበጠውን እጃቸውን እንደ ሜዳልያ ያሳዩት ነበር።

ስልክ አልጠየቁም ብላችሁ እንዳታዝኑባቸው። ጠይቀዋል። ስልኩ የሚያሳየው የደረሰ ማሳ ነው፣ ከሩቅ የተነሣ፣ ቢጫ ሜዳ፤ ቅጠሉን ለብቻው ያነሣው የለም። ሃሴት ግን እንደዚያ ብላ መተው አልሆነላትም። ከሚያቃጥለው ተክል አጠገብ ጣቷን አድርጋ ፎቶ አነሣችና ይህ ጤፍ ነው ወይ ብላ ለዓይኑ ላከች። ዓይኑ ቆዪኝ አላት። ሰንብቶ ሥራ ላይ ሳለች አንድ ፎቶ መጣላት፤ ሰፊ ቅጠል፣ ከጎኑ የሴት ጣት፣ ጣቱ ላይ የእሷ ቀለበት። «ይህ ጤፍ ነው?» ይላል። ሃሴት ሳቀች። ዙሪያዋን አየች፣ የሚመልስላት ሌላ ሰው የለም። የእድሩ ሰው ሁሉ ጤፍ ነው ብሏል እንግዲህ፤ «አዎ» ብላ ነካች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ያን የሚያቃጥል ነገር ጤፍ ብሎ አወቀው። የመሬቷ ሁኔታ በስክሪኑ ላይ ከ«ባዶ» ወደ «ሰብል» ተለወጠ። እድሩ ደስ አለው። ሃሴት ግን አንዳች ነገር ቅር እንዳላት ቀረች።

በድንኳኑ ደጃፍ፣ በሰው እግር ድንጋይ የሆነችው መሬት ላይ፣ ሣር በቅሎ ነበር። ጋሽ ማክቤል አረም ነው፣ ይነቀል ብለው አዘዙ፤ የነቀላው ተራ የሃሴት ነበር። ነገ እነቅለዋለሁ አለች፣ በማግስቱም ነገ አለች። ሥራዋ ሣር ማየት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በፎቶ የምታየው ሣር ነው፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ቀላ ይላል፣ ነፋስ ሲነካው ሁሉም አንድ ላይ ተኝቶ አንድ ላይ ይነሣል። የት እንደሚደርስ ማየት ፈለገች፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ጋሽ ማክቤል ሲቆጡ እሺ ትላለች፣ ዞር ሲሉ ተጎንብሳ ታየዋለች። ኢክራም፣ ሃሲ ሣር ወልዳለች እያለች አላገጠችባት።

ክረምቱ ወጣ። ሣሩ አናቱ ላይ የተንጨባረረ ጸጉር የመሰለ ነገር አወጣ፣ ከብዶትም ጎበጠ። በጥቅምት አንድ ጠዋት ሃሴት አንዱን ዘለላ በመዳፏ መሐል አሸት አደረገችና እፍ አለችበት። መዳፏ ላይ አቧራ ቀረ። ክብ ነው፣ ቡናማ ነው። የኢክራም ከረጢት ስፌት ውስጥ የቀረውን ፍሬ አራግፋ ከጎኑ አደረገችው። መለየት አልተቻለም። ተነሥታ ቆመችና የምታደርገው ጠፍቷት እንደገና ተቀመጠች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ድንኳን ውስጥ ሰብስባ መዳፏን አሳየቻቸው። እየተጋፉ አዩ። ጋሽ ማክቤል መዳፏን አዩ፣ መደቦቻቸውን አዩ፣ ያበጠ እጃቸውን አዩ።

«ታዲያ እኔ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሳጠጣ የኖርኩት ምን ነበር?»

እማማ ሶልያና ልጅ እያሉ አያታቸው በሳማ እገርፍሻለሁ እያሉ ያስፈራሯቸው እንደነበር ትዝ አላቸው፤ ሳማ ምን እንደሆነ ግን አይተው አያውቁም ነበር። አሁን ዓይናቸው ወደ መደቡ ሄደ። በጥልቅ ያለበሱት ጤፍ ከሥር ታፍኖ ቀርቶ፣ የበቀለው የፍርስራሹ ሳማ ነበር። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል፤ ጋሽ ማክቤል ብቻ አልሳቁም።

አንዱ፣ ዓይኑ ሳማውን ጤፍ ነው ብሎ የለ፣ ምን አስጨነቀን፣ እንተወው አለ። ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃሴት ግን ኅዳር ላይ የሚጠየቁት እህል መሆኑን አስታወሰቻቸው፤ የሳማ ቅጠል ይዘው ወረዳ ሊሄዱ ነው? ዓይኑን ለማረምም ጠዋቱን ሞክራ ነበር፤ ስለ አስተያየትሽ እናመሰግናለን ብሎ ዝም አላት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሕንፃው በር ላይ በርቶ የነበረው ማስታወቂያ ነው። ክረምት ሲወጣ ከተማውን እየዞረ ያደገ ሣር የሚያጭደው ማሽን በነጋታው ጠዋት እነሱ ጋ ይደርሳል። ሳማውን ሰብል ነው ብሎ ያልፈዋል። ጤፉን ሣር ነው ብሎ ከሥሩ ይላጨዋል።

አሁን የሚሰረዘው እድር፣ የማይንኳኳው በር፣ ከምሳ በፊት የሚያልቀው ስንብት ሁሉ ሃሴት ፊት ድቅን አለ። ያን ጊዜ ነው ነክታት የማታውቀው ቁልፍ ትዝ ያለቻት። የከተማው ማሽኖች ለቅሶ ላይ አይደርሱም፤ ሕጉ አልተሻረም፣ ተረሳ እንጂ። ነገ ጠዋት እዚሁ ለቅሶ እንቀመጥ አለች። ኢክራም እንዴት ያለ ጨዋታ ነው ብላ አጨበጨበች።

በነጋታው ማልደው ወረዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ እንዴት እንደሚዘቀዘቅ ያሳዩት እማማ ሶልያና ናቸው። ወንዶቹ ጋቢ ያለው ጋቢ፣ የሌለው የአልጋ ልብስ ለበሰ። ጤፉን እንዳይረግጡ ተጠንቅቀው ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ። ማሽኑ እንደ ትልቅ ኤሊ ዝቅ ብሎ በመንገዱ መጣ፤ የሣሩ ጠርዝ ላይ ደረሰና ቆመ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ሃሴት ይህን ታውቀዋለች፤ ዓይኑ ተጠራጥሯል ማለት ነው። ፎቷቸው አሁን የሆነ ቦታ ያለ፣ የማታውቀው እንደ እሷ ያለ ሰው ፊት ቀርቧል፤ ለቅሶ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ እየተጠየቀ ነው።

የኢክራም ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አንዱ በሐሰት ወይኔ ቢል ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እማማ ሶልያና ተቆጡ።

«ለቅሶ እኮ ስም እየተጠራ ነው የሚለቀሰው። ማን ሞቶብን ነው የተቀመጥነው?»

ይህን ያሰበበት አልነበረም። ማሽኑ ጠርዙ ላይ ያንጎራጉራል። ሃሴት አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየች።

«የአቤኔዘር ነው» አለች። «የባለቤቴ። ማንም ሳያለቅስለት ነው የሄደው።»

ሳቁ ቆመ። ኢክራም ምን ዓይነት ሰው ነበር ብላ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ ከአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ኖረው አታውቀውም። ሃሴት ምን ትበል? ትልቅ ነገር የሠራ ሰው አልነበረም። ቀልዱ አያልቅም፣ ሹራብ ገልብጦ ይለብሳል፣ አሳንሰር ሲገባ ኋላ የሚመጣ ሰው እንዳያመልጠው በሩን በእግሩ ይዞ ይጠብቃል አለች። ጋሽ ማክቤል ቀና አሉ።

«በእግሩ? በሩን በእግሩ የሚይዘው ሰው እሱ ነበር? ያን በር ስንት ጊዜ ጠገንኩት! ስንት ጊዜ ረገምኩት!» አሉ። «እኔንም እኮ ጠብቆኛል። ዕቃ ተሸክሜ፣ ሩቅ ሆኜ አይቶኝ ጠብቆኛል።»

ሽማግሌው ያበጠ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ያን ጊዜ ሃሴት ደረቷን መታች። አለቀሰች አይባልም፤ ስንት ጊዜ ታፍኖ የኖረ ነገር ወጣ። አቤኔዘርዬ እያለች፣ በሩን ማን ይያዝልኝ እያለች ተንሰቀሰቀች። ኢክራም አቀፈቻት፣ አብራት አለቀሰች፤ ጨዋታው ከየት ላይ እንዳበቃ ማንም ልብ አላለም። ቢጫው መብራት መቼ እንደ ጠፋም ያየ የለም። ቀና ሲሉ ማሽኑ ዞሮ በመንገዱ እየሄደ ነበር።

ሦስቱን ቀን በወጉ ተቀመጡ። ከላይ ፎቆች ሰው እየወረደ፣ በመስኮት የገባለትን እንጀራ እያጠፈ ይዞ መጣ። እግዜር ያጥናሽ የሚለውን ቃል ብዙዎቹ ያን ጊዜ ተማሩት። ሃሴት ሲመሽ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ በሯ ይንኳኳል። ማሽኑ ሰፈሩን ዘልሎ ሌላው ጋ ሄዷል፤ ዙሩን ጨርሶ እስኪመለስ ጤፉ ቢጫ ሆነ። በወጥ ቤት መቀስ አጨዱት። ምርቱ አንዲት ጣሳ እንኳ በወጉ አልሞላም። ወረዳ ሲወስዱት ያ ወጣት ሠራተኛ ክዳኑን ከፍቶ ቀረብ ብሎ ቢያይ አስነጠሰው፤ ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ተጎንብሶ በጣቱ እያነሣ እስኪጨርስ ጠበቁት። እድሩ ቀጠለ። በዚያው ዓመት የከተማው የጤፍ ማሳ በእጅጉ አድጓል የሚል ዜና ተሰማ፤ ሃሴት ሰምታ ስለ ሳማ ማንም ምንም እንዳይላት አንገቷን ደፋች።

ከጣሳዋ ግማሹን ለዘር አስቀመጡ። የቀረውን ኢክራም በመጥበሻ ቂጣ አደረገችውና ለሁሉም ደረሰ፤ አሸዋ አለው፣ ማንም ግን አልተፋም።

በተከታዩ ጥቅምት፣ ሃሴት ሥራ ላይ እንዳለች አንድ ፎቶ መጣ። ከማታውቀው ሕንፃ ጀርባ፣ በፍርስራሽ መሐል፣ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዷ ግን ተሳስታ አንዱን ወገን ብቻ ነው የገለበጠችው። የአንዱ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይለይም። ድንኳን የላቸውም። በፎቶው ጥግ የቢጫ መብራት ጫፍ ይታያል። «ለቅሶ ነው?» ይላል ጥያቄው። ሃሴት ፎቶውን አጎላችና ከጉልበታቸው አጠገብ ያለውን መሬት አየች። ሣሩ ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ቀላ ይላል፣ ነፋስ አግኝቶት ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

ጣቷን ከሥር ወዳለችው ቁልፍ ወሰደችና ነካች። ከዚያ ከሰዎቹ ኋላ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የሕንፃ ቁጥር ሁለቴ አነበበች፣ ስክሪኗን አጥፍታ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ጋሽ ማክቤልን ድንኳኑን እያጠፉ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ማክቤል፣ ለቅሶ አለብን» አለቻቸው።

«ማን ሞተ?»

«አላውቅም። ስንደርስ እንጠይቃቸዋለን። ድንኳን የላቸውም።»

ጋሽ ማክቤል ድንኳኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሃሴት የዘሩን ጣሳ ከመደርደሪያው እስክታወርድ፣ የአሳንሰሩን በር በእግራቸው ይዘው ጠበቋት።